የቡቺን የፊት እግር ሊቆርጡት ነው፤ ለውሻ ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል ወይ?

የጨፌዋ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ጊዜም የለኝም።

ቡቺ የሚባል ውሻ አለን። የሀበሻና የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ነው። አራት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለፈው ሳምንት በሩ ተከፍቶ ሲያገኝ ወጣና ባጃጅ የግራ የፊት እግሩ መዳፍ ላይ ሄደበት። ጣቶቹ ደቀዋል። ራጅ አስነሳነው፤ ከመዳፉ በላይ ያለው አጥንት ደህና ነው ተባልን። ሐኪሙ መዳፉን ለማዳን የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ግን ሥጋው እየጠቆረ ነው፤ ይሸታልም። ዛሬ «መቆረጥ አለበት» አለኝ። የሚቆርጠው ደግሞ ከትከሻው ነው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

ያልገባኝ ነገር አለ። የተጎዳው መዳፉ ሆኖ ሳለ ለምን ከትከሻ? ስጠይቀው «ለውሻ እንደዚህ ነው የሚደረገው፤ በሦስት እግሩ ይሮጥልሻል» አለኝ። ሐኪሙን አልጠራጠረውም፤ ማታ ስደውልለት እንኳ ያነሳል።

ኢንተርኔት ላይ ሰው ሠራሽ እግር ያላቸው ውሾች አየሁ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሁለት እግሩን ያጣ ድመት አጥንቱ ውስጥ ብረት ተተክሎለት ሲሄድ አየሁ። እናቴ «ሰው ያጣውን ለውሻ?» ትላለች። ማታ ማታ ግን አጠገቡ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ዳቦ በወተት እያራሰች የምታጎርሰውም እሷ ናት።

ይሄ ነገር እኛ አገር ይቻላል? ከተቻለስ ሐሙስ ምን ልበላቸው?

የጆሊ እናት (ሳሪስ)

እህቴ አይዞሽ፤ በጣም ነው ያዘንኩት። የእኛ ጆሊ የኋላ እግሯ ከላይ ነው የተቆረጠው፤ መኪና ገጭቷት ነበር። ለቅሶ ላይ ነበርን። እሷ ግን ፋሻዋ ሳይፈታ ተነሥታ መሄድ ጀመረች። አሁን ደረጃ ትወጣለች፤ ድመት ታባርራለች፤ እንግዳ ሲመጣ በሩ ጋ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ውሻ እንደ ሰው «እግሬን አጣሁ» ብሎ አይቆዝምም። ሐኪምሽ ያለውን አድርጊ፤ ገንዘብሽን ለመድኃኒትና ለምግቡ አውዪው።

ነርሱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም እህቴ። የሚያስቸኩለውን ልቅደም። ከሐሙስ በፊት ሐኪሙ ጋ ደውዪና እንዲህ በዪው፦ «በኋላ ሰው ሠራሽ እግር ላሠራለት አስባለሁ። ክርኑንና ከክርኑ በታች ካለው አጥንት ቢያንስ ግማሹን ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ይሄ ግን ሐሙስ ካለፈ አለፈ ነው። እግሩ ከትከሻ ከወጣ ሰው ሠራሽ እግር የሚጠልቅበት ቦታ የለም። ያለ የሌለ ባለሙያ ብታመጪ አይሠራልሽም።

እኔ እዚህ አሌክሳንድሪያ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። የሀበሻ ደንበኛ ሲመጣ ማስተርጎሙም ለእኔ ነው የሚሰጠው። አንድ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሰዎች ስለ ሰው ሠራሽ እግር የሚጠይቁን ቁስሉ ድኖ፣ ክሩ ወጥቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቪዲዮውን በስልካቸው ከፍተው «ይሄን ነው የምንፈልገው» ይሉናል። ከትከሻው ላይ የተረፈ ነገር የለም። ምን ይባላል? አንቺ በሰዓቱ ነው የጠየቅሽው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሐኪምሽ ያለው ትክክል መሆኑን እወቂልኝ። ውሻ ላይ ከፍ አድርጎ መቁረጥ የተለመደ አሠራር ነው፤ አሜሪካም ያው ነው። ምክንያት አለው። ጉማጁ (ተቆርጦ የሚቀረው እግር) ረዝሞ ከቀረ ውሻው ሊረግጥበት ይሞክራል። ሲሚንቶ ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ ያሳርፈዋል። ቆዳው ይላጣል፤ አጥንቱ ጫፍ ላይ ይቆስላል፤ መጨረሻ ላይ እንደገና ቢላዋ ይገባበታል። ሰው ሠራሽ እግር ካልታሰበ ከላይ መቁረጡ ለውሻው ይሻለዋል። የአጥንት ካንሰር ከሆነ ደግሞ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ጨርሶ አይታሰብም። የቡቺ ግን አደጋ ነው፤ ከላይ ያለው አጥንት ጤነኛ ነው ብለሻል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልብሽ ያዢ። የሞተው ሥጋ በሙሉ መውጣት አለበት፤ የሚቆረጠውም ጤነኛው ላይ ነው። ሐኪሙ ከፍቶ ሲያይ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ወጥቶ ካገኘው ከፍ አድርጎ መቁረጡ ግዴታ ይሆናል። ያኔ ሕይወቱ ይቀድማል። «ከተቻለ ዝቅ አድርግልኝ፤ ካልተቻለ አንተ እንዳየኸው» በዪው። በዚህ ላይ አትከራከሪው።

የጆሊ እናት ያሉት እውነት ነው። አብዛኛው ውሻ በሦስት እግሩ ደህና ይኖራል። ድመት ደግሞ ከነጭራሹ አይታወቅባትም። ነገር ግን የጆሊ የኋላ እግር ነው። ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። ከፊት አንዱ ሲጎድል የቀረው እግር ያን ሁሉ ብቻውን ይይዛል። አካሄዱን ብታዪው በእያንዳንዱ እርምጃ አንገቱን ወደ ላይ ወርወር ያደርጋል፤ ሰውነቱን የሚያነሣው በአንገቱ ነው። ለትንሽ ውሻ ይሄ ቀላል ነው። ለሠላሳ ኪሎ ውሻ ግን ዓመታት ሲያልፉ የቀረው እግር አንጓው ይለጠጣል፣ ትከሻው ይታመማል፣ ጀርባው ይጎብጣል። ቡቺ ገና አራት ዓመቱ ነው። እኔ ጊዜውንና ትዕግሥቱን ካገኘሽ ሞክሪው የምለው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁስሉ ይድናል፤ እብጠቱ ይሟሽሻል፤ ጉማጁ ቅርጹን እስኪይዝ ሳምንታት ይጠበቃል። ከዚያ ልኬት ይወሰዳል። እኛ ጋ አንድ ሰው ጭንቅላቱን አቅፎ እያባበለ ውሻውን ያቆመዋል። እኔ ስስ ካልሲ አጠልቅለትና ከካልሲው በላይ፣ በእግሩ ቁመት፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አጋድማለሁ። በላዩ ላይ ውሃ የነካ የፋይበርግላስ ፋሻ እጠመጥማለሁ። ፋሻው እየደረቀ ሲሄድ ይሞቃል፤ ውሻውም ዞር ብሎ ያሸተዋል። እዚህ ላይ ክርኑ ውሻው ሲቆም እንደሚሆነው ተዘርግቶ መያዝ አለበት። ታጥፎ ከደረቀ ልኬቱ ከንቱ ነው። ጠንከር ሲል በቱቦዋ ላይ በመቀስ ሰንጥቄ አወጣዋለሁ፤ ቱቦዋ የምትገባው ቆዳው እንዳይቆረጥ ነው። ባዶውን ቅርጽ መልሼ እገጥመውና ከክብደቱ፣ ከፎቶውና ሲራመድ ከተነሣው ቪዲዮ ጋር በፖስታ ይላካል። ስለዚህ ውሻው ራሱ የትም መሄድ የለበትም።

የሚላክለት ማን ነው? በዚህ ሥራ የታወቁ ቦታዎች አሉ። ዴንቨር ኮሎራዶ ውስጥ ኦርቶፔትስ የሚባል አለ። እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ አኒማል ኦርቶ ኬር ተብሎ የተመሠረተ ቦታ አለ፤ የመሠረተው ዴሪክ ካምፓና መጀመሪያ የሚሠራው ለሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም ሁሉ ያየው ደርቢ የሚባል ውሻ ነበር። የፊት እግሮቹ ሳያድጉ ነው የተወለደው። ስሪዲ ሲስተምስ የሚባል ድርጅት በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ እግር ሲሠራለት የካምፓናም እጅ ነበረበት። የደርቢ እግር ታች ላይ እንደ ቀለበት ክብ ነው። ቀጥ ያለ ቢሆን ሲሮጥ መሬት ላይ ይተከልበት ነበር። ግቢሽ አፈር ከሆነ ይሄን አትርሺ፤ ክረምት ላይ ጭቃ አለ።

ያየሽው ድመት ኦስካር ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ መካከል ባለችው ጀርሲ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የማጨጃ ማሽን ሁለቱንም የኋላ መዳፎቹን ቆረጠው። ኖኤል ፊትዝፓትሪክ የሚባለው ሐኪም አጥንቱ ውስጥ ብረት ተክሎ በቆዳው በኩል አወጣለት። ሐሳቡ የመጣው ከአጋዘን ቀንድ ነው፤ የአጋዘን ቀንድ አጥንት ሆኖ ቆዳ በስቶ ይወጣል፣ ቆዳውም ዙሪያውን ገጥሞ ይዘጋል። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ልዩ ቀዶ ጥገናና የረጅም ጊዜ ክትትል ይፈልጋል፤ ለቡቺ እሱን አታስቢው። ለቡቺ የሚሆነው እንደ ቡት ጫማ የሚጠለቀውና የሚወልቀው ነው።

ዋጋውን አልደብቅሽም። እዚህ ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ መላኪያና ቀረጥ ሳይጨመር። ሲመጣም አልቆ አይመጣም። አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ አንዱ ጋ ይላላል፤ መልሶ ማስተካከል አለ። ቅርብ የሚያስተካክል እጅ ካላገኘሽ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ካለሽበት የሚሠራ ሰው ብታገኚ ከእኛ አገሩ ይሻልሻል።

አለባበሱን የመጀመሪያ ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አድርጊው፤ ሥጋ ስታሳዪው ወይም ሽርሽር ስትሉ። ውሻ «ይሄ ነገር ሲመጣ ደስ የሚል ነገር አለ» ብሎ ካሰበ እግሩን ራሱ ያቀብልሻል። ቀስ እያልሽ ሰዓቱን ጨምሪ። ባወለቅሽው ቁጥር ፀጉሩን ገለጥ አድርገሽ ቆዳውን እዪ። መቅላት ይኖራል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ ግን እዚያ ቦታ እየጫነው ነው፤ እስኪስተካከል አታልብሺው። ሰውን ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄ የቆዳ ቁስል ነው። ማታ ይወልቃል። ብቻውን ሲሆን ይወልቃል። ዝናብ ውስጥ ገብቶ እርጥብ ካልሲ ለብሶ ማደር ፈጽሞ የለበትም። የግቢ ውሻ ስለሆነ ነው ይሄን የማጠብቅብሽ። የሚሠራለትን እግር ቀን ቀን ሰው ባለበት የሚለብሰው አድርገሽ አስቢው።

እግር ሠሪው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ ለሰው ነው የምሠራው። ሰው ሠራሽ እግር ላይ ብዙ ዘመኔን ቆይቻለሁ። ነርሱ የጻፈውን ሳነብ የኛው ሥራ ነው። እኛም ልኬት እንወስዳለን። ባዶው ውስጥ ጀሶ አፍስሰን የእግሩን ቅርጽ እናወጣለን። አጥንት የሚነካበትን ቦታ ጀሶ እንጨምርበታለን፤ ሥጋ ያለበትን እንፍቀዋለን። ከዚያ የፖሊፕሮፒሊን ንጣፍ ምድጃ ውስጥ እስኪለሰልስ አሙቀን በላዩ ላይ እናለብሰዋለን። ቀይ መስቀል በየአገሩ የሚያሠራበት ፕላስቲክ ይሄ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ደጋግሞ ይሞቃል፣ ይስተካከላል። ውስጡ ስፖንጅ ይገባል። ማሰሪያው ቬልክሮ ነው። ታቹ ላይ የበረባሶ ጎማ ይመታበታል።

የሰው ባለሙያ ለእንስሳ ሲሠራ አዲስ ነገር አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ሞሻ የምትባል ዝሆን እ.ኤ.አ. በ2006 የሰባት ወር ግልገል ሳለች ፈንጂ ረገጠች። እግር የሠራላት ቴርድቻይ ጂቫካቴ የሚባል የሰው አጥንት ሐኪም ነው። እሷ ባደገች ቁጥር እግሩ እየተቀየረ ነው የመጣው። የአንቺ ውሻ አድጎ ጨርሷል፤ አንድ ጥሩ እግር ብዙ ያገለግለዋል።

እናትሽ ያሉትን አነበብኩ። ልክ ናቸው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው እያለ በሥራ ሰዓትና በድርጅት ዕቃ ለውሻ አልሠራም። በራሴ ጊዜ፣ ከትርፍራፊ ፕላስቲክ ግን እሞክርልሻለሁ። ስፖንጁንና ቬልክሮውን ትገዢያለሽ። የማላውቀው የውሻ አረማመድ ነው። እሱን ነርሱ በቪዲዮ እያየ ይንገረኝ።

ሐኪምሽ የሚያመነታ ከሆነ ደግሞ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ቅርብ ነው፤ ራጁን ይዘሽ ሄደሽ አማክሪ።

የጆሊ እናት (ሳሪስ)

የፊትና የኋላ ልዩነት እንዳለው አላሰብኩትም ነበር። ነርሱ፣ ተባረክ። ጆሊም አሁን ወፍራለች፤ የቀረውን እግሯን እንዳላስጎዳባት ምን ላድርግ?

ነርሱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እናቴ፣ ክብደቷን ይቀንሱላት። ለሦስት እግር ውሻ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። የጎድን አጥንቷ በእጅ ሲዳሰስ መታወቅ አለበት። እንጀራና የሥጋ ትርፍራፊ ይቀነስ። ቤት ውስጥ ሴራሚክ ካለ ምንጣፍ ያንጥፉላት፤ ሲያንሸራትታት ነው የምትጎዳው። ጥፍሯንም ያሳጥሩላት።

የጨፌዋ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «ማን ይሠራልሻል?» አለኝ። የእግር ሠሪውን ጽሑፍ አነበብኩለት። «ሠሪ ካለማ እኔም ዝቅ አድርጌ እቆርጣለሁ» አለኝ፤ ሠሪ ስለሌለ ነበር ለካ ከትከሻ ያለኝ። ከፍቶ ሲያይ ሥጋው ጤነኛ ከሆነ ከክርኑ በታች ያለውን አብዛኛውን እንደሚያስቀርልኝ፣ የአጥንቱንም ጫፍ በጡንቻ እንደሚሸፍነው ነገረኝ። ካልሆነ ግን በዚያው እንደሚወስን ነገረኝ፤ እሺ አልኩት።

እናቴ ስፖንጅ የሚሸጥበትን መርካቶ አውቃለሁ ብላለች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ እግሩ እስኪሠራ ምን ምን ላድርግለት?

ነርሱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሐኪምሽ ከልቡ የሚሠራ ሰው ነው፤ አመስግኚልኝ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጉማጁ በደንብ ጥጥ ያለው ፋሻ ይታሰርበታል። ፋሻው ደረቅ ይሁን። ከረጠበ ወይም ከሸተተ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ውሰጂው። እንዳይልሰው አንገቱ ላይ የሚታሰረውን እንደ ጥሩምባ አፍ የተከፈተ የፕላስቲክ ከለላ አድርጊለት፤ ካጣሽ ወፍራም ካርቶን ቆርጠሽ አንገቱ ዙሪያ እሰሪለት። በሰንሰለት አትሰሪው፤ ሚዛኑን እስኪለምድ ይጥለዋል። ሲነሣ ነጠላ በደረቱ ሥር አሳልፈሽ ደግፊው።

ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ በየቀኑ ክርኑን ቀስ እያልሽ እጠፊና ዘርጊ። ሳይንቀሳቀስ የከረመ ክርን ይደርቃል፤ ክርኑ ካልተዘረጋ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር አይገጥመውም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲድን ጉማጁን በእጅሽ ማሸት ጀምሪ፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ሰው ሲነካው የማይሸሽ ከሆነ ለልኬት ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ቪዲዮ ስታነሺ ከጎን አንሺው እንጂ ከላይ አይሁን፤ ስልኩን መሬት አስጠግተሽ ያዢው።

እግር ሠሪው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ፋሻው ተፈትቶ ቁስሉ ሲደርቅ ከክርኑ እስከ ጉማጁ ጫፍ በሴንቲሜትር ለኪው። ዙሪያውንም ከክርኑ ሥርና ከጫፉ አጠገብ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪው። ደህነኛውንም የቀኝ እግሩን ቆሞ ሳለ ከክርን እስከ መሬት ለኪልኝ። ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊ፤ ንጣፉን በዚያ ልክ አስቀምጥልሻለሁ።